ዜማ የዋጠው ሳጥን

ቢቸና፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀሲና ሙሐመድ

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? አባትሽ ሙሐመድ፣ እናትሽ ዑሙሰልማ፣ ጎረቤቱም ሱቁም እንደምን አሉ? እኔና ይርጋነሽ፣ የጉልበቴን ነገር ተይውና፣ ቸሩ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደኅና ነን። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ የቀረው መውቃቱ ነው።

አባትሽ «አካለ ወልድ ስልክ ቢደወልለት አያነሳም» ብሎ ያማኛል አሉ። ይማኝ፤ አላነሳም። እስከ ዛሬ በስልክ የተነገረ ቁም ነገር አላውቅም። አያትሽ ሀኒያ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ለሞጣ ሙስሊም ነጋዴ ተድራ ከዚህ ቤት ከወጣች ጀምሮ እኛን ያገናኘን ደብዳቤ ነው። እሷ ሰግዳ፣ እናቴ አስቀድሳ፣ አንድ ቀን ሳይቀያየሙ አለፉ። እኛም በዚያው እንቀጥል። የኔሰው ሚኒባሱን ከቢቸና ሞጣ ያመላልሳል፤ እጁ የታመነ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኤሌክትሪክ ተምረሽ ተመርቀሽ፣ ከአባትሽ ጨርቅ ሱቅ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግተሽ የተበላሸ ስልክና ሬዲዮ ትጠግኛለሽ፣ አልፈሽም የራስሽን መሣሪያ ከባዶ ትሠሪያለሽ ሲሉ ሰማሁ። እንግዲህ ዕወቂልኝ፤ የዘንድሮ የቅኔ ተማሪ ድምፅ የለውም። ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ እየቀረቡ የቆጠሩትን፣ አዲስ የደረሱትን ቅኔ ይነግሩኛል፤ እኔ የጎበጠውን አቀናለሁ፣ የሰመረውን «ይበል» እላለሁ። የጉባኤው ሥርዓት ይኸው ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ልጆቹ ያጉተመትማሉ! በእኛ ጊዜ ተማሪ ቅኔ ሲናገር ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። የእነዚህን ደካሞች ድምፅ የሚያጎላ፣ ከአንገታቸው የሚንጠለጠል አንድ ነገር ብትሠሪልኝ ምን ይመስልሻል? ጥፋቱ የነሱ ነውና እነሱ ይሸከሙት።

በእናትሽ ጓዳ በረከት፣ በአባትሽ ሱቅ ገበያ አይጥፋ።

አጎትሽ መሪጌታ አካለ ወልድ

ሀሲናዬ፣ እኔ ይርጋነሽ ነኝ። ደብዳቤውን ለየኔሰው ልሰጥ ስወጣ ከሥር ጨመርኩበት። ልጆቹ ድምፅ አልጎደላቸውም፤ መንገደኛው ሁሉ ይሰማቸዋል። የማይሰማው እሱ ነው። የሰፈሩ ሰው «የየኔታ ጆሮ ደከመ» እያለ ያወራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ወሬው ያልደረሰው እሱ ዘንድ ብቻ ነው። ስልኩንም የማያነሳው ሲጠራ ስለማይሰማው ነው። እኔ እንደነገርኩሽ አደራ እንዳትናገሪ፣ ይገድለኛል።



ሞጣ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለየኔታ አካለ ወልድ

ሰላም ለእርስዎና ለእትዬ ይርጋነሽ ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። አባዬ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አስነበበኝና «ይኼ ሰውዬ ሲሰድብም ያምርበታል» ብሎ ሳቀ። እማዬ ለእትዬ የሚሆን ጥቁር አዝሙድ በትንሽ ፌስታል ልካለች።

የኔታ፣ የጠየቁኝ ይሠራል። ግን አስቤበት አንድ ነገር ታየኝ። የሚያጉተመትመው ብዙ ነው፣ መስማት ያለበት ግን አንድ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንገት አንድ አንድ ከምሠራ፣ እርስዎ ጋቢዎ ውስጥ የሚይዙት አንድ ሳጥን ብሠራስ? ትንሽ ማይክ ይኖረዋል፣ ከሱ ወደ ጆሮ የሚሄድ ኢርፎን ይኖረዋል። ልጆቹም እንደልባቸው ያጉተምትሙ።

እስቲ ልጠይቅዎ። ሲያጉተመትሙ ጎልቶ የሚጠፋው «ሰ» እና «ፈ» ነው አይደል? ወፍራም ድምፅ ያለው ተማሪ ይሻላል፣ ቀጭን ድምፅ ያለው ጨርሶ ጠፍቷል፣ ልክ ነኝ? አያቴ ሀኒያም፣ አላህ ይማራትና፣ በመጨረሻው ዘመኗ «የሞጣ ሰው ሁሉ ድምፁ ተዘጋ» ትል ነበር። እኛም እንዳይከፋት «አዎ፣ ብርድ ነው» እንላት ነበር። አሁን ሳስበው ቶሎ ተምሬ በደረስኩላት ኖሮ እላለሁ።

መልስዎን በቶሎ እጠብቃለሁ። ጉልበትዎ ይዳን።

ልጅዎ ሀሲና



ቢቸና፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀሲና

ይህን ያህል የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ ተቆጥቼ ነው። ያንን የሀኒያን ነገር አንብቤ ደብዳቤሽን ከመጽሐፍ ውስጥ ከትቼ «ይቺ ልጅ ማንን ነው የምታታልል!» ብዬ ፎከርኩ። ጥምቀት አለፈ፣ ቁጣዬም አለፈ። የቀረው እፍረት ነው፤ እሱንም ካንቺ አልደብቅም።

ስጦታው የሚባል ተማሪ አለኝ፤ ከግንደወይን ወዲያ የመጣ፣ ረዥም፣ ጨዋ። ባለፈው ሳምንት ከፊቴ ቆሞ መወድስ፣ ስምንት ቤት ያለውን ረጅሙን ቅኔ፣ ነገረኝ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ከዚያም ቆመ። እኔ ያለቀ መሰለኝና «ይበል! ይበል!» ብዬ መረቅሁት። እሱ ጉልበቴን ስሞ አጎንብሶ ሄደ። የቀሩት መሬት መሬት አዩ። በኋላ ይርጋነሽ ነገረችኝ፤ ልጁ ጠፍቶበት ነው መሃል ላይ የቆመው። ግማሹን ቅኔ ነው ያደነቅሁለት! አንዳቸውም አልሳቁም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ይኸው ጻፍኩልሽ፤ ጆሮዬ ደክሟል። ልጆቹ አያጉተመትሙም። አንቺም ያልሽው ልክ ነው፣ «ሰ» ከጠፋችብኝ ቆየች።

ሀሲና፣ ያልሰሙትን «ይበል» ማለት በሐሰት መመስከር ነው። ስለዚህ ቃል ገባሁ። እስከ ዳግማ ትንሣኤ መስማት ካልቻልኩ ወንበሬን ራሴ አጥፋለሁ። ልጆቹን ከምርቃት ጋር ወደ ሌላ መምህር እልካለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ የደብሩም ሰው ነገር አልተናገረኝም። ግን ይህን ጉባኤ ካጣሁ ሰውነቴ ለምን እንደሚነሳ አላውቅም። በጧት የሚያነሳኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ሳጥንሽን ሥሪልኝ። በእኔው አንገት ይንጠልጠል።

አጎትሽ አካለ ወልድ



ሞጣ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ

ደብዳቤዎን አንብቤ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። ተቆጥተው ቢሰድቡኝም ኖሮ እሠራው ነበር፤ እንዲህ አምነው ሲነግሩኝ ግን እጄ ሌላ ሆነ።

ምን እንደሆነ ይወቁት። የሳጥኑ አንጎል ማይክሮኮንትሮለር ይባላል፤ ከጥፍር የማይበልጥ ቁራጭ ነው። ማይኩ ድምፁን ይሰጠዋል፣ እሱ እኔ በጻፍኩለት ትእዛዝ ያበጃጀዋል፣ ወደ ጆሮ ያስተላልፈዋል። ወፍራሙን እንዳለ ይተወዋል፤ ቀጭኑን፣ የጠፋችውን «ሰ»ን፣ ከፍ ያደርጋታል።

መጀመሪያ በሽቦ ብቻ አያይዤ ሞከርኩት። ሠራ! ግን በተነካ ቁጥር ይንጫጫል፤ ጋቢ ውስጥ አንድ ቀን አያድርም። ስለዚህ የራሱን ቦርድ ልሠራለት ተነሳሁ። የመስመሩን ሥዕል ኮምፒውተር ላይ ሥዬ ፎቶ ኮፒ ቤት በሚያንጸባርቅ የካላንደር ወረቀት ላይ አሳተምኩ። መዳብ በተለበጠ ሰሌዳ ላይ ገልብጬ በእማዬ ካውያ ተኮስኩት፤ ቀለሙ መዳቡ ላይ ቀረ። ከዚያ አቼቶ፣ ጨውና ከፋርማሲ የገዛሁትን የቁስል ማጠቢያ ቀላቅዬ ነከርኩት። ቀለም ያልሸፈነው መዳብ ተበልቶ ያልቃል፤ የቀረው መስመር ሽቦ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ነክሬ ደንበኛ ጠርቶኝ ጨርቅ ስለካ ቆየሁና ስመለስ መስመሩም አብሮ ተበልቷል። እማዬ «አቼቶዬን ጨርሰሽ፣ ካውያዬን አጥቁረሽ፣ ምን ልታበዪን ነው?» ብላ ጮኸች። ለማን እንደሆነ ስነግራት ሄዳ ሌላ ጠርሙስ አቼቶ ገዝታ መጣች። ሁለተኛው አማረ።

አንድ ነገርም ጨመርኩበት። ከሱቃችን ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ፤ ማይኩ ያንን ጉርምርምታ አጉልቶ ራስ ያዞራል። ስለዚህ «ሳይቋረጥ የሚጎተት ድምፅ ከሰማህ ጫጫታ ነውና አጥፋው» ብዬ አዘዝኩት። አሁን ወፍጮው እያለ እንኳን የደንበኛው ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሳጥኑን ለየኔሰው ሰጥቻለሁ። እንዳይጥለው አስምዬዋለሁ። ማታ ማታ እንደ ስልክ ቻርጅ ያድርጉት። ስለ ዋጋ አንዲት ቃል ቢያነሱ ደግሞ እቀየማለሁ።

ልጅዎ ሀሲና



ቢቸና፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለባለ እጇ ለሀሲና

እጅሽ ይባረክ! እጅሽ ይባረክ! ሌላ ምን ልበልሽ? ሳጥኑን ይርጋነሽ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ፣ የኢርፎኑን ጉጦች ጆሮዬ ውስጥ ከተተች። መጀመሪያ የሰማሁት የራሷን ትንፋሽ ነው። «ይሰማሃል?» አለችኝ። ስታንሾካሹክ! ሠላሳ ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ መሰለኝና እጇን ይዤ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ ጉድ ነው። ለካ ጫማዬ ይንሿሿል። ለካ ቆርቆሮው ላይ ቁራ ይራመዳል። ለካ ይቺ ሴት ቀኑን ሙሉ ትናገራለች! እኔ ዝምተኛ ናት ብዬ ለሰው ሁሉ ሳመሰግናት ኖሬ። ትናንት ጎረቤታችን አመተ ሥላሴ በአጥር ወዲያ ሆና ስታማኝ ሰምቼ በአጥር ወዲህ ሆኜ መለስኩላት፤ በድንጋጤ ማሰሮ ሰበረች።

እናትሽን ስለ አቼቶው አመስግኚልኝ። አባትሽን ስልክ ይደውል በይው፣ አነሳለሁ።

ስለ ጉባኤው ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። እኛ ጾም ይዘናል፣ እናንተም ይዛችኋል፤ ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ተገናኙ። የሁላችንንም ይቀበል።

አጎትሽ አካለ ወልድ



ሞጣ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ይኼ ሰላምታ ለእርስዎም ይሆናል፣ ትርጉሙ ሰላም ነው። ደብዳቤዎን ካፈጠርን በኋላ ለቤተሰቡ ሁሉ አነበብኩት። የአመተ ሥላሴ ማሰሮ ላይ ስንደርስ አባዬ ሾርባው ትን አለው። እማዬ «ይኸው ካውያዬ ለቁም ነገር ዋለ» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። እኔም ወላሂ ሰሞኑን መሬት አልነካም፤ ከዚህ በፊት የሠራሁት ነገር ሁሉ ይህን ያህል አላስደሰተኝም።

ግን የኔታ፣ ቅኔውስ? ዋናው እሱ አልነበር? ስጦታው መወድሱን ጨርሶ ነገረዎት?

ልጅዎ ሀሲና



ሞጣ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ የኔሰው ዛሬም ባዶ እጁን መጣ። «የኔታን አየሃቸው?» ብለው «ደኅና ናቸው» አለ። «ሳጥኑን አድርገዋል?» ስለው ጎማ ሊያይ ሄደ። ምነው? አሞዎት ነው? ካስቀየምኩዎ ይንገሩኝ። አባዬም ደውሎ ነበር፣ አልተነሳም።

ሀሲና



ቢቸና፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀሲናዬ፣ እንደምን አለሽ? ዛሬ የምጽፍልሽ እኔ ይርጋነሽ ነኝ፤ እሱ እንደምጽፍ አያውቅም።

ሳጥንሽ ለወሬ ሸጋ ነው። አንድም ነገር አያመልጠውም። ጉባኤ ላይ ነው ጉዱ። ተማሪው ቅኔውን በዜማ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ቃል ትሰማዋለች፤ ዜማው ሲሳብ ግን ድምፁ እየሰጠመ፣ እየሰጠመ ይሄድና ድርግም ይላል። ልጁ ትንፋሽ ሲወስድ ብልጭ ይልና እንደገና ይጠፋል። ያለ ሳጥኑ ጥቂት ይሰማው ነበር፤ በሳጥኑ ጭራሹን የለም። ሦስት ቀን ሙሉ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አያያዙን አልቻልኩበት ይሆናል» እያለ ጉጡን ሲያወጣ ሲያገባ ዋለ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ከመጽሐፎቹ ጋር አስቀመጠው።

«ለምን አትነግራትም?» አልኩት። «ልጅቷ ከሥራዋ ላይ ጊዜ ሰርቃ ለፍታልኛለች፤ ለሷ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይላክም» አለኝ። ሰሞኑን ከሌላ ጉባኤ መምህራን ጋር ይነጋገራል፤ ልጆቹን የሚቀበል ይፈልጋል። ተማሪዎቹም ገብቷቸዋል መሰል፣ እህል አይወርድላቸውም። ሆድ ሲብሰኝ ለማን ልናገር? ላንቺ ጻፍኩ። አትዘኝብኝ።

ይርጋነሽ



ሞጣ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ይርጋነሽ፤ ለየኔታም ያንብቡላቸው፣ ከንግዲህ የሚደበቅ የለም

እንኳን ጻፉልኝ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤው የደረሰኝ በዒድ ዋዜማ ነው። አንድ ለመለዋወጫ የሠራሁት ሳጥን ነበረኝ፤ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥኩ። ከደንበኛ አወራሁ፣ ጥርት ያለ ነው። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ጥርት ያለ ነው። «ኧረ ምን ሆኖ ነው?» እያልኩ ስበሳጭ የምሽቱ ሶላት፣ መግሪብ፣ ደረሰና ሙአዚኑ የጥሪውን አዛን ጀመረ። «አላሁ» አለ፤ ሰማሁት። ከዚያ ድምፁን ሲስበው… ጠፋ! ጉጡን ከጆሮዬ አወጣሁ፣ ሙአዚኑ እያስተጋባ ነው። መለስኩት፣ ጸጥ! የሞጣን ሙአዚን ሳጥኔ ዋጠው።

እትዬ፣ በቁሜ ደርቄ ቀረሁ። ያፈጠሩት እየተጠራሩ ያልፋሉ፣ እኔ ቴምሬን ይዤ ቆሜያለሁ። ያኔ ገባኝ። «ሳይቋረጥ የሚጎተት ድምፅ ጫጫታ ነው» ብዬ ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም? ወፍጮው ይጎተታል። ዜማም ይጎተታል! መስጊድ ጎን ተወልጄ፣ አጎቴ የዜማ ሰው ሆነው፣ ድምፅ ማለት የሱቅ ወሬ ብቻ መስሎኝ በደንበኛ ንግግር ብቻ ሞከርኩት። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይሏል ይኼ ነው። የየኔታ አያያዝ ምንም ጥፋት የለበትም።

ይስተካከላል። ግን እዚህ የቅኔ ተማሪ የለኝምና እርዱኝ። ስልክ ያለው ተማሪ ሁሉም ቅኔያቸውን በዜማ እንዲናገሩ አድርጎ ይቅዳና በሚሞሪ ይላኩልኝ። ቀጭን ድምፅ ያለውንም፣ ወፍራሙንም። የማያምረውንም ይላኩ።

የኔታ፣ ዳግማ ትንሣኤ ገና ነው። እባክዎ ልጆቹን ለማንም አይስጡ።

ሀሲና



ቢቸና፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀሲና

ይርጋነሽ አሳበቀችብኝ። አኩርፌያት ነበር፤ ግን ኩርፊያዬን የሰማልኝ የለም።

እንኳን ለዒድ አደረሳችሁ። ሚሞሪው በዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። «ማን ይቀዳል?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ተነሱ፤ ቀዩ ሀብተ ሥላሴ እንኳን፣ ጉንፋን የያዘው። በስጦታው ስልክ አንድ በአንድ ተቀዱ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ፊታቸውን ግን አየሁት። ለበዓል የቆሙ ነው የሚመስሉት። እኔን ላለማጣት ነው ሀሲና። ይህን ባየሁ ጊዜ ባይሳካም እንኳ ባዶ እጄን አልቀረሁም አልኩ።

ስለዚህ ራስሽን አታስጨንቂ። ቢሳካ እሰየው። ባይሳካ ይርጋነሽ ስታንሾካሹክ መስማቴ ብቻ ዕድሜዬን ይበቃዋል። ቃሌን ግን አላነሳም፤ ዳግማ ትንሣኤ ዳግማ ትንሣኤ ነው።

አጎትሽ አካለ ወልድ



ሞጣ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለየኔታ

ሳጥኑ ካለቀ ቆይቷል፤ መንገድ ተዘግቶ የኔሰው ሳምንቱን ሙሉ ሞጣ ተቀምጦ ጥርሱን ሲያፋጭ ከረመ። እኔም አብሬው ሳፋጭ ነበር። ዛሬ ይከፈታል ብለውታል፤ ከተከፈተ ለትንሣኤ ይደርስልዎታል።

የልጆቹን ድምፅ በሱቁ ስፒከር ከፍቼ ስሠራ ሰነበትኩ። ጨርቅ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል። አንዲት ሴት ክሩን ረስታ ሄደች። አባዬ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስጦታውን ሲሰማ ዐይኑ እንባ ሞላ። «እናቴ ይኼን ዜማ እያንጎራጎረች ነበር ልብስ የምታጥበው፤ ምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም» አለኝ። የኔታ፣ ይህን ስለሰጡን እኔም ባለ ዕዳዎ ነኝ።

ቦርዱን አዲስ ሠርቻለሁ፤ የድሮው ላይ ቦታ አልነበረም። ትእዛዙንም ለወጥኩ። አሁን የሚጎተት ድምፅ ሲሰማ ፈጥኖ አይፈርድም፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ፣ ትንፋሽ ይወስድ እንደሆነ ጠብቆ ያያል። ወፍጮ ትንፋሽ አይወስድም፣ ሰው ይወስዳል። በሙአዚኑም በተማሪዎችዎም ሞከርኩት፤ አንዳቸውንም አልዋጠም። ከጎኑ ማብሪያ አለች፤ ወደ ላይ ሲያደርጓት ምንም ሳያጠፋ ሁሉንም ያሰማል። ጉባኤ ላይ ወደ ላይ ያድርጓት።

እኔ በልጆቹ ድምፅ ሠርቻለሁ፤ በእርስዎ ጆሮ ግን አልሠራሁም። ስለዚህ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽዎትም። ኢንሻአላህ ይሳካል። ለመልካሙ ትንሣኤ በሰላም ያድርሳችሁ።

ሀሲና



ቢቸና፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀሲና፣ ለወንድሜ ለሙሐመድ፣ ለዑሙሰልማም፤ ሦስታችሁም ተሰብስባችሁ አንብቡት

የኔሰው ሳጥኑን ያደረሰው ቅዳሜ ለትንሣኤ ነው፤ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት «የኔታ፣ ደረሰ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ አላጠለቅሁትም። ይርጋነሽ ለምና ለምና ተወችኝ። ፈርቼ ነው። እንደ መጀመሪያው ዜማው ፊቴ ቢሰጥም አልችለውም አልኩ። እስከ ቀጠሮው ቀን ተስፋዬን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ላቆየው ብዬ ነው።

ትናንት ዳግማ ትንሣኤ ከቅዳሴ መልስ ልጆቹ ተሰበሰቡ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሳጥኑን አጠለቅሁ፣ ማብሪያዋን ወደ ላይ አደረግሁ። «ማን ይቅደም?» አልኩ። ማንም መጀመሪያ መሆን አልፈለገም፤ ካልሰማሁ የመጨረሻው ቅኔ የሱ ሊሆን ነው። በኋላ ስጦታው ብድግ አለ።

መወድሱን ጀመረ። ሰማሁት። ዜማውን ሳበው፤ አሁን ሊጠፋ ነው ብዬ የወንበሩን እጀታ ያዝኩ። አልጠፋም! ወጣ፣ ወረደ፣ ትንፋሽ ወሰደ፣ ደገመ፤ አለ፣ አለ፣ አለ። ሀሲና፣ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። የልጁ ጉሮሮ ሲንቀጠቀጥ እንኳን ይሰማኛል። እግዚኦ፣ ይኼን ነው እንዴ ተከልክዬ የኖርኩት? እንባዬ ፂሜ ላይ ወረደ፤ አልጠረግሁትም።

አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ደስታው ይሁን ፍርሃቱ እንጃ፣ ዜማውን ሰበረው። መሳብ ያለበትን ቆረጠው። እኔም ሳላስበው እጄን አንስቼ «ሰበርክ! ወድቋል፣ መልስ!» ብዬ ጮህኩ።

ስጦታው አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ያ ረዥም ጨዋ ልጅ ነጠላውን ወደ ላይ ወርውሮ «ወደቅኩ! የኔታ ጣሉኝ! ሰምተው ጣሉኝ!» እያለ ዘለለ። ተማሪው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ይርጋነሽ ከበሩ እልልታዋን ለቀቀችው፤ አመተ ሥላሴ ከአጥር ወዲያ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ተቀበለቻት። ቅኔ ቤት ውስጥ ከተወለድኩ ጀምሮ ስለ ወደቀ እልል የተባለለት ተማሪ አይቼ አላውቅም።

ጉባኤው አይበተንም። ሌሎቹን መምህራን ይቅርታ ጠይቄ ልኬባቸዋለሁ።

ሀሲና፣ መምህር ሆኜ ኖሬ ምስጋናን በቅኔ አሳምሮ ማቅረብ ያውቃል ይሉኛል። ላንቺ ግን ተቀምጬ ብቆጥር አልመጣልኝም። እንዲያው በሜዳው አመሰግንሻለሁ። እግዚአብሔር ልጅ ይስጥሽ፣ ልጅሽም አንቺን ይምሰል። የአባትሽን ዕድሜ ያርዝመው፣ እናትሽን ከጓዳዋ አያጉድላት፣ ሀኒያን በገነት ያኑርልን።

ደግሞ ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው ጉባኤ ዋልን። አራቱን ጣልኳቸው፤ ደስ ብሏቸው ሊያርሙ ሄዱ። አንዱን «ይበል» አልኩት። ሰምቼው ነው።

አጎትሽ አካለ ወልድ